የታይገር ነገር የእናቲቱ ነገር ነው

የዱካ ልጅ (ውይይቱን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ታይገር እንድንወያይ ብዬ ነው ይህን መድረክ የከፈትኩት። ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ነገር እንስማማ። ብዙዎቻችን ታይገርንም ነብር እያልን እንጠራለን። ነብር ሌላ ነው። ነብር ዥንጉርጉር ነው፤ ያደነውን ይዞ ዛፍ ላይ ይወጣል። ታይገር ከነብር በብዙ ይገዝፋል። ገላው ላይ ያለውም ነጠብጣብ ሳይሆን ከጀርባው ወደ ሆዱ የሚወርድ ጥቁር መስመር ነው። በተፈጥሮ የሚኖረው እስያ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ ነብር ያልነው ነብር፣ ታይገር ያልነው ታይገር ይሁን። ዓመቶቹንም የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ሰሞኑን «የታይገር ቁጥር ጨመረ» የሚለውን ዜና ሰው ሲቀባበለው አያለሁ። እኔም ደስ ብሎኛል። በ2010 በዱር የቀሩት 3,200 ያህል ናቸው ይባል ነበር። በ2022 የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ያወጣው ግምት ከ3,726 እስከ 5,578 ደርሷል። ከመቶ ዓመት በፊት ወደ 100,000 ይጠጉ ነበር ከሚባለው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ቢሆንም ወደ ላይ መውጣት ጀምሯል።

ወሬው ሁሉ ስለ ቁጥር ሲሆን ግን አንዲት ፍጡር ትረሳለች። እናቲቱ።

እስቲ ኑሮዋን ተመልከቱ። ሴቷ ታይገር የምታረግዘው ለሦስት ወር ከጥቂት ቀን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ደቦል ትወልዳለች። ሲወለዱ አንድ ኪሎ ገደማ ናቸው፤ ዓይናቸውም ገና አልተገለጠም። አባትየው በማሳደጉ አይረዳትም። ድንጋይ ሥር ወይም ጥቅጥቅ ያለ ሣር ውስጥ ትደብቃቸዋለች። ሥጋት ከተሰማት አንድ በአንድ ማጅራታቸውን ነክሳ ወደ ሌላ ቦታ ታዞራቸዋለች። ከዚያ ደግሞ ብቻዋን ወጥታ ማደን አለባት።

አደን ደግሞ ፊልም ላይ እንደምናየው አይደለም። ታይገር ከአሥር ሙከራ አንዱ ከተሳካለት ጥሩ ነው። ብዙውን ጊዜ ባዶዋን ትመለሳለች፤ ወተት ግን መስጠት አለባት። ልጆቿ ስድስት ወር ሲሆናቸው አብረዋት መውጣት ይጀምራሉ። ራሳቸውን ችለው የሚለይዋት ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው። እስከዚያ ድረስ ከሚወለዱት ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ። በረሃብ፣ በጎርፍ፣ በእሳት፣ በሌላ ወንድ ታይገር። አዲስ ወንድ ግዛቱን ከያዘ የቀድሞውን ልጆች ይገድላል፤ ሴቷ ቶሎ ለመፀነስ ዝግጁ እንድትሆን። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ከብዶኝ ነበር።

ስለዚህ አንዲት እናት ወጥመድ ውስጥ ስትገባ የሚሞተው አንድ ታይገር ብቻ አይደለም። ጎሬ ውስጥ የሚጠብቋትም አብረው ያልቃሉ።

ሐሳቤ ይሄ ነው። «ስንት ታይገር አለ?» ከማለታችን በፊት «ስንት እናት ልጆቿን አሳድጋ ለመልቀቅ የሚበቃ ቦታና የሚታደን እንስሳ አላት?» ብለን እንጠይቅ። ኔፓል ቺትዋን ውስጥ፣ አጋዘን በሞላበት ሣር፣ ለአንዲት ሴት 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይበቃታል። በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ በረዶ ውስጥ ደግሞ 400 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ትፈልጋለች። እንስሳው አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የሚበላው ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?


ማለዳ

የዱካ ልጅ፣ አመሰግናለሁ። ስለ እናቲቱ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

እግረ መንገዴን የቆየ ጥያቄዬን ልጠይቅ። ጫካው አረንጓዴ ነው። ታይገር ብርቱካንማ ነው። እንዲህ ደምቆ እየታየ እንዴት ነው አጋዘኑ ሳያየው አጠገቡ የሚደርሰው? የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ።


መምህርት

ማለዳዬ፣ ይህን ተማሪዎቼም ሁሌ ይጠይቁኛል። መልሱ ያለው ታይገሩ ፀጉር ላይ ሳይሆን አጋዘኑ ዓይን ውስጥ ነው።

የኛ ዓይን ቀለም የሚለይባቸው ሦስት ዓይነት ሕዋሳት አሉት። አጋዘንና የመሳሰሉት ያሏቸው ሁለት ዓይነት ብቻ ናቸው። ብርቱካንማውን ከአረንጓዴ አይለዩትም። ለኛ እንደ እሳት የሚያበራው ታይገር ለአጋዘኑ ከሣሩ ጋር አንድ ዓይነት ነው። የጡት አጥቢ እንስሳ ፀጉር ቀለሙን የሚያገኘው ከሜላኒን ነው፤ ከሜላኒን ደግሞ አረንጓዴ አይወጣም። ብርቱካንማ ግን ይወጣል። ለአዳኙ ይኸው በቂ ሆነለት።

ጥቁሩ መስመር ደግሞ ቅርጹን ይሰባብረዋል። ፀሐይ በሣር መሐል ስትገባ ብርሃንና ጥላ ይፈራረቃል አይደል? መስመሩ ከዚያ ጋር ይመሳሰላል። ዓይን የአንድ እንስሳ ሙሉ ገላ መሆኑን ለመያዝ ይቸገራል። መስመሩ ፀጉሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ቆዳው ላይም አለ። ታይገር ታሞ ለሕክምና ፀጉሩ ሲላጭ መስመሩ እዚያው ይታያል። የሁለት ታይገሮች መስመር አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። የአንዱ የራሱ ግራና ቀኝ ጎን እንኳ ይለያያል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በጣም ስለምወደው ነው። ታይገር ብቻውን የሚኖር እንስሳ ነው ይባላል። እውነት ነው። ግን ከጎረቤቶቹ ጋር ሳይነጋገር አይውልም። ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ዛፍ ላይ ሽንቱን ወደ ላይ ይረጫል። ግንዱን በጥፍሩ ይቧጭራል። የሚረጨው ነገር ትኩስ ፈንዲሻ ይሸታል፤ ፈንዲሻን ያን ሽታ የሚሰጠው ውህድ እዚያም ውስጥ ስላለ ነው። ሌላው ታይገር መጥቶ ያሸታል። ከንፈሩን ሰብስቦ፣ አፉን ከፍቶ፣ ምላሱን አውጥቶ ሽታውን ላንቃው ላይ ወዳለች ትንሽ የማሽተቻ አካል ይስበዋል። ማን እንዳለፈ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ሴቷ ወንድ ትፈልግ እንደሆነ ከዚያ ያነባል። ሳይገናኙ ይተዋወቃሉ።

ሲገናኙም ሰላምታ አላቸው። አፋቸውን ገጥመው በአፍንጫቸው ፍርርር የሚል ድምፅ ያሰማሉ። እናት ለልጆቿ የምታሰማው ይህን ነው። ታይገር እንደ ቤት ድመት አያንኮራፋም። ግሣቱ ግን እስከ 3 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰማል።

ዘመዱንም ሰው ሲሰማ ይገርመዋል። በዘረመል ለታይገር በጣም የሚቀርበው አንበሳ አይደለም፤ የበረዶ ነብር ነው።


ቁጥር ጠያቂ

ጥሩ ውይይት ነው። እኔ ግን ቁጥሩ ላይ ጥርጣሬ አለኝ። ጫካ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር፣ ማታ የሚንቀሳቀስ፣ ቀለሙ ከሣሩ የማይለይ እንስሳ እንዴት ነው «3,682» ተብሎ እስከ መጨረሻዋ አሐዝ የሚቆጠረው? ሕንድ በ2022 ያወጣችው ቁጥር ይሄ ነው። ከዚያ በፊት በ2006 1,411 ነበር። ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። እውነት ጨመረ ወይስ ቆጠራው ነው የተሻሻለው?


የዱካ ልጅ

ቁጥር ጠያቂ፣ ጥርጣሬህ ተገቢ ነው። መልሱ ሁለቱም ነው።

ድሮ ሕንድ ውስጥ ይቆጠር የነበረው በዱካ ነበር። የጫካ ጠባቂዎች ጭቃ ላይ የቀረውን የእግር አሻራ እየቀዱ «ይህ የእገሌ ነው» ይሉ ነበር። ጭቃው ሲረጥብ ዱካው ይሰፋል፤ ሲደርቅ ይጠባል። አንዱ ታይገር ሁለት ሦስት ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ይህ ስህተት ምን እንዳስከተለ ሳሪስካ አሳየን። ራጃስታን ውስጥ ያለ የታይገር ጥብቅ ስፍራ ነው። በወረቀት ላይ ከደርዘን በላይ ታይገር ነበረው። በ2005 ሲጣራ አንድም አልተገኘም። ሕገወጥ አዳኞች ጨርሰዋቸው ነበር። ያን ጊዜ አገሩ ደነገጠ።

አሁን የሚሠራው በካሜራ ነው። እንስሳ ሲያልፍ በራሱ የሚያነሳ ካሜራ በመንገዱ ግራና ቀኝ ይተከላል። መምህርት እንዳለችው የአንዱ መስመር ከሌላው ስለማይመሳሰል ከፎቶው ማን ማን እንደሆነ ይለያል። ሁለቱም ጎኑ መነሳት ያለበትም ለዚህ ነው። ከዚያ ሒሳብ ይመጣል። አንዱ ታይገር ስንት ጊዜ ደጋግሞ ተነሳ? ስንቶቹ አንዴ ብቻ ታዩ? ከዚህ ተነስቶ ካሜራ ያላያቸው ስንት እንደሚሆኑ ይገመታል። ይህን ዘዴ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ናጋርሆሌ በተባለ የሕንድ ጫካ ላይ ለታይገር የተጠቀመው ሕንዳዊው ተመራማሪ ኡላስ ካራንት ነው።

ስለዚህ 3,682 የሚለው ግምት ነው፤ መሐሉ ነው። ከላይና ከታች ወሰን አለው። ዝቅተኛው 3,167 ነው። ዜናው አንዷን አሐዝ ብቻ ይዞ ይሮጣል። የቆጠራው ሽፋን ስለሰፋ የመጣ ጭማሪ አለ፤ እውነተኛ ጭማሪም አለ። ኔፓልን ተመልከት። በ2009 121 ነበሩ። በ2022 355 ሆኑ። በካሜራ የተለዩ ናቸውና ይህን ያህል ልዩነት ከቆጠራ ብቻ አይመጣም።

የኔ ቅር የሚለኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ጫካ ውስጥ 10 ታይገር አለ ሲባል አምስቱ እናቶች ናቸው ወይስ አንዷ ብቻ? ለነገው የሚወስነው ይሄ ነው፤ ዜና ላይ ግን አይወጣም።


የድሮ ሰው

ልጆች፣ በርቱ። ጥሩ እያወራችሁ ነው።

እኔ በልጅነቴ ሰው ስለሚበላ ታይገር ሰምቼ እንቅልፍ አጥቼ አውቃለሁ። አንዲት ሴት ታይገር ከ400 በላይ ሰው በላች ይባል ነበር። እውነት ነው? እውነት ከሆነስ ከእንደዚህ ያለ አውሬ አጠገብ የሚኖረው ሰው «አድኑት» ስትሉት ምን ይበል? ስለ እናቲቱ ስታወሩ የሰው እናትም አለችና ነው የምጠይቀው።


መምህርት

ጋሼ፣ የሰሙት እውነት ነው። የቻምፓዋት ታይገር ትባላለች። መጀመሪያ ኔፓል፣ ኋላ ሕንድ ውስጥ 436 ሰው ገድላለች ተብሎ ተመዝግቧል። በ1907 ጂም ኮርቤት የተባለ አዳኝ ገደላት። አፏ ሲታይ በቀኝ በኩል የላይኛውም የታችኛውም ክራንቻ ተሰብሮ ነበር። የቆየ የጥይት ጉዳት ነው። የተፈጥሮ ምግቧን ማደን ያቃታት በዚያ ምክንያት ነው ብሎ ጽፏል።

ክራንቻ ለታይገር ምን ማለት እንደሆነ ልንገርዎት። ከድመት ዘር ሁሉ ረጅሙ የሱ ነው፤ 7 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ትልቅ እንስሳ ሲይዝ ማንቁርቱን ነክሶ አየር ያሳጣዋል። አነስ ያለ ከሆነ ማጅራቱን ይሰብራል። ክራንቻው ከተሰበረ ጎሽ ወይም ትልቅ አጋዘን መጣል ይከብደዋል። ሰው ግን ቀርፋፋ ነው፤ ቀንድም የለው።

ጤነኛ ታይገር ሰው ሲያይ አብዛኛውን ጊዜ ዘወር ይላል። ይህን ስል ግን የርስዎን ጥያቄ ለማቃለል አይደለም። የሰው እናት ያሉት ልብ ይነካል።


ከወንዙ ማዶ

የጋሼን ጥያቄ እኔም ልያዘው። የጥበቃ ወሬ ብዙ ጊዜ የሚዘለው ይሄንን ነው።

ሰንደርባንስ የሚባል አለ። በሕንድና በባንግላዴሽ መሐል ያለ፣ ጨው ውኃ ውስጥ የበቀለ ሰፊ ደን ነው። እዚያ ታይገር እንደ ጉድ ይዋኛል፤ ከደሴት ደሴት ይሻገራል። ሰው ደግሞ ማር ለመቁረጥ፣ ዓሣና ሸርጣን ለመያዝ ጫካው ውስጥ ይገባል። ድሃ ስለሆነ ነው የሚገባው። እዚያ አካባቢ ባሎቻቸውን ታይገር የበላባቸው ሴቶች የራሳቸው መጠሪያ አላቸው፤ «የታይገር መበለቶች» ይባላሉ። አንዳንዶቹ ገፊ ናቸው ተብለው ከጎረቤት ይገለላሉ። ባሏን ያጣች ሴት ሌላ ቅጣት ተጨመረባት ማለት ነው። ያናድደኛል፣ ያሳዝነኛልም።

በ1980ዎቹ አንድ ነገር ተሞክሮ ነበር። ታይገር ከኋላ ማጥቃት ስለሚወድ ሠራተኞቹ በማጅራታቸው በኩል የሰው ፊት ያለው ጭምብል እንዲያስሩ ተደረገ። ለተወሰነ ጊዜ ሠራ። ቆይቶ ግን ታይገሮቹ የነቁ ይመስላል።

ኔፓል ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደች። ፓርኮቹ ከጎብኚ ከሚያገኙት ገቢ ከ30 እስከ 50 በመቶው ዙሪያውን ለሚኖረው ሕዝብ ልማት ይመለሳል። ሰዉ ጫካውን እንደ ራሱ እንዲያይ አድርጎታል። ግን ታይገሩ ሲበዛ የተጎዳውም ሰው በዛ። በ2024 የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ራሳቸው ይህን ያህል ታይገር ለትንሽ አገር ይበዛል ብለው ተናግረዋል። እኔ በሳቸው አልስማማም። ነገር ግን ልጁን ያጣ ገበሬ ቢስማማ አልፈርድበትም።

ለዚህ ነው የዱካ ልጅ ሐሳብ ላይ አንድ ነገር መጨመር የምፈልገው። እናቲቱ ቦታና ታዳኝ ብቻ አይደለም የሚያስፈልጋት። የሚታገሣት ጎረቤትም ያስፈልጋታል። ላሙን የበላችበት ሰው ካሣው በዓመቱ ሳይሆን በሳምንቱ እጁ ከገባ መርዝ አይፈልግም። ሬሳው ላይ መርዝ ከተነሰነሰ ደግሞ እሷም፣ ልጆቿም፣ ጅቡም፣ አሞራውም ያልቃሉ።


የዱካ ልጅ

ከወንዙ ማዶ፣ ተቀብዬዋለሁ። «የሚታገሣት ጎረቤት» ያልከውን መጀመሪያ ስጽፍ ማስገባት ነበረብኝ።


ሊያ

እኔ ስለ ታይገር ብዙ አላውቅም። አንድ ጊዜ ግን በአጥር ውስጥ ያለ ነጭ ታይገር አይቻለሁ። ዓይኑ ሰማያዊ ነው። በጣም ያምራል። እዚያው አጥሩ ጥግ ላይ ግን ሳያቋርጥ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። አንድ መስመር ላይ፣ እዚያው ጋ ዞሮ፣ እንደገና። ከዚያ በኋላ ደስታዬ ጠፋ። ነጮቹን ብርቅ ስለሆኑ ነው የሚያረቧቸው አሉኝ። ይህ ዝርያውን ማዳን አይደለም?


የዱካ ልጅ

ሊያ፣ ያየሽውን በደንብ ነው ያየሽው። በአንድ መስመር ያለማቋረጥ መመላለስ የተጨነቀ እንስሳ ምልክት ነው። ምሽቱን ብዙ ኪሎ ሜትር የሚጓዝ እግር አጥር ሲገጥመው የሚያደርገው እሱን ነው።

ነጭ ታይገር ለብቻው ዝርያ አይደለም። አንድ ዘረመል ላይ ባለ ለውጥ ምክንያት ብርቱካንማው ቀለም የቀረበት ተራ ታይገር ነው። ነጭ ሆኖ እንዲወለድ ለውጡን ከእናትም ከአባትም መውረስ አለበት። በ1951 ሕንድ ሬዋ ውስጥ ሞሃን የተባለ ነጭ ደቦል ተያዘ። ነጭ ልጅ ለማግኘት ብለው ሞሃንን ከገዛ ልጁ ጋር አራቡት። ዛሬ በአጥር ውስጥ የምናያቸው አብዛኞቹ ነጮች ሥራቸው እሱ ጋ ይደርሳል። ዘመድ ከዘመድ ሲራባ የሚመጣውን ታውቂዋለሽ። ብዙዎቹ ዓይናቸው ይንሸዋረራል፤ የአከርካሪና የእግር ጉድለት ይዘው የሚወለዱ አሉ። አንድ ነጭ ለማግኘት ስንቶች ተወልደው እንደተጣሉ ማሰብ ያማል። ይህ ለዱር ታይገር አንዳች አይጠቅምም። በአጥር ውስጥ የሚረቡ ታይገሮች ሁሉ ቢቀሩ ደስ ይለኛል።


መምህርት

የዱካ ልጅ፣ ስለ ነጮቹ ያልከው ሁሉ ልክ ነው። መጨረሻ ላይ ያልከው ግን ያስኬዳል ብዬ አላምንም።

በአጥር ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ለሥዕልና ለገንዘብ ያረባል። አንዱ ለአጥንቱና ለቆዳው ያረባል። እስያ ውስጥ ታይገር በሺዎች እየረባ የሚሸጥባቸው እርባታዎች አሉ። ቻይና በ1993 የታይገር አጥንት ንግድን ከልክላለች፤ እርባታዎቹ ግን አልተዘጉም። ገበያው እስካለ ድረስ የዱሩም ይታደናል፤ ገዢው «የጫካው ይሻላል» ይላልና። እነዚህን ዝጋ ብትል አብሬህ ነኝ።

ሌላው ደግሞ የዘር ሐረጉን እየመዘገበ፣ ዘመድ ከዘመድ እንዳይገናኝ እየጠበቀ የሚያራባ አለ። የደቡብ ቻይና ታይገርን አስብ። በዱር ጠፍቷል። የቀረው በአጥር ውስጥ ያለው ብቻ ነው። እሱን «ይቅር» ልትለው ነው?

ካዛኪስታንንም ተመልከት። የካስፒያን ታይገር በወንዝ ዳር ባለ ሸምበቆ ውስጥ ይኖር ነበር። ሸምበቆው ለእርሻ ተመነጠረ፤ የዱር አሳማውና አጋዘኑ አለቀ፤ ታይገሩም በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጠፋ። በኋላ በዘረመል ሲጠና ከሩሲያው የአሙር ታይገር ጋር አንድ ነው የሚያስብል ቅርበት ተገኘ። ስለዚህ ካዛኪስታን በባልካሽ ሐይቅ አጠገብ በ2018 ጥብቅ ስፍራ ከለለች። በ2024 ከኔዘርላንድስ ሁለት የአሙር ታይገሮች መጡ፤ ወንድና ሴት፤ በአጥር ውስጥ ያደጉ። እነሱ ጫካ አይለቀቁም። የታሰበው ልጆቻቸው ከሰው ርቀው አድገው እንዲለቀቁ ነው። እና ታይገሩ ከመምጣቱ በፊት ምን መለሱ መሰለህ? አጋዘኑን። አንተ ያልከው ነው፤ መጀመሪያ ምግቧ፣ ከዚያ እናቲቱ።


የዱካ ልጅ

ልክ ነሽ መምህርት። «ሁሉ ይቅሩ» ማለቴን አንስቻለሁ። የደቡብ ቻይናውን ረስቼው ነበር።


ቁጥር ጠያቂ

የምግቧ ነገር ከተነሳ እኔም ልናገር። ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ብናይ ጫካው ቆሟል፤ ዛፉ አለ። ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ነው። ውስጡ ግን ባዶ ነው። ምክንያቱ የሽቦ ወጥመድ ነው። ከሞተር ሳይክል ፍሬን ሽቦ የሚሠራ ተራ ሸምቀቆ። ዋጋው ከምንም አይቆጠርም። አንድ ሰው በቀን በርካታ ይተክላል። ወጥመድ ደግሞ አይመርጥም። አጋዘኑንም፣ አሳማውንም፣ ታይገሩንም ይይዛል። ካምቦዲያ ውስጥ ታይገር ለመጨረሻ ጊዜ በካሜራ የታየው በ2007 ነው። ላኦስና ቬትናም ውስጥም ከዱር ጠፍቷል። ከጎናቸው ያለችው ታይላንድ ግን በምዕራቡ ደኗ ጠባቂዎቿን በየጊዜው በእግር እያዞረች ወጥመዱን አስለቀመች፤ ቁጥሯም ወጣ።

አንድ ታይገር በሳምንት አንድ ትልቅ እንስሳ ያስፈልገዋል፤ በዓመት 50 ገደማ። ያን 50 እየገደለ ዘሩ እንዳያልቅ በመቶዎች የሚቆጠር ታዳኝ መኖር አለበት። ለዚህ ነው ባዶ ጫካ ውስጥ ታይገር መልቀቅ ከንቱ የሚሆነው። ቁጥር ላይ ተጠራጣሪ ነኝ፤ በዚህ ግን አልጠራጠርም።


የድሮ ሰው

እናመሰግናለን ልጆች። ብዙ ተማርኩ። ያ ሳሪስካ ያላችሁት ቦታ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የነብርን ጅራት አይዙም፤ ከያዙም አይለቁም ይባላል። እነሱ ይዘው ለቀቁት። አንዴ የጠፋ ቦታ ሊመለስ ይችላል?


ከወንዙ ማዶ

ጋሼ፣ ራሱ ተመልሶ ቢመጣ ጥሩ ነበር። ወጣት ወንድ ታይገር ከእናቱ ሲለይ አዲስ ቦታ ፍለጋ ይሄዳል። ችግሩ መንገዱ ነው። አስፋልት አለ፣ ባቡር አለ፣ የጥጥ እርሻ አለ፣ ከተማ አለ።

በ2019 ሕንድ ማሃራሽትራ ውስጥ አንገቱ ላይ መከታተያ የታሰረለት አንድ ወጣት ወንድ ነበር። ከቲፔሽዋር ጥብቅ ስፍራ ወጣ። እርሻ ለእርሻ፣ ማታ ማታ፣ ቀን ተደብቆ ተጓዘ። ዘጠኝ ወር ውስጥ የተጓዘው 3,000 ኪሎ ሜትር ደረሰ። ሰዎቹ «ተጓዡ» አሉት። መጨረሻ ላይ ድኒያንጋንጋ የሚባል ጫካ ገብቶ አረፈ። ምግብ አለ። ቦታ አለ። ሌላ ታይገር ግን አልነበረም። አንዲት ሴት እንኳ። ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ብቻውን ቀረ።

ሴት ታይገር ብዙውን ጊዜ ከእናቷ ጎን ነው የምትሰፍረው፤ እንደ ወንዱ ርቃ አትሄድም። ስለዚህ ባዶ ጫካ ላይ ቀድሞ የሚደርሰው ወንዱ ነው። ሴቷ እንድትደርስ መሸጋገሪያ ደን ሳይቆረጥ መቆየት አለበት፤ አለዚያ ሰው ራሱ ያመጣታል።


የዱካ ልጅ

ጋሼ፣ ለጥያቄዎ መልስ አለኝ። ሳሪስካ ላይ ከ2008 ጀምሮ ራንታምቦር ከሚባል ሌላ ጥብቅ ስፍራ ታይገር እያመጡ ለቀዋል፤ ዛሬ እዚያ ደቦል ይወለዳል። እኔ ግን የፓናን ልንገርዎት።

ፓና ሕንድ ማድያ ፕራዴሽ ውስጥ ያለ የታይገር ጥብቅ ስፍራ ነው። በ2009 እሱም እንደ ሳሪስካ ባዶውን ቀረ። በዚያው ዓመት ሁለት ሴቶች አመጡ፤ አንዷን ከባንድሃቭጋር፣ ሌላዋን ከካንሃ። ከዚያ አንድ ወንድ ከፔንች መጣ። ወንዱ ግን አልረጋም። ጥቂት ቀን ቆይቶ ወጣና ወደ ደቡብ ሄደ፤ ወደ ተወለደበት ወደ ፔንች አቅጣጫ። የጫካው ሠራተኞች ዝሆን ይዘው፣ በእግር፣ በመኪና፣ ወር ያህል ተከተሉት። አስተኝተው መልሰው አመጡት።

ደግሞ እንዳይሄድ ምን አደረጉ? መምህርት ስለ ሽታው የጻፈችውን ያስታውሱ። የሴት ታይገር ሽንት አምጥተው ጫካው ውስጥ ረጩ።

ሽታውን ተከትሎ ሴቷን አገኛት። በኤፕሪል 2010 ፓና ውስጥ እንደገና ደቦል ተወለደ። እናቲቱ ከባንድሃቭጋር የመጣችው ነበረች።


ማለዳ

ስንት ወለደች?


የዱካ ልጅ

አራት።